መሲን ከጠፈር ወራሪዎች ላድን ብዬ

ቤተሰብ፣ ዛሬ ያደረግኩትን ስትሰሙ ብሎክ ታደርጉኛላችሁ!

ሰሞኑን አንድ ልብ ወለድ ይዞኛል። ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን አንድ ሰፈር በድብቅ ይወራሉ። መልካቸው የጎረቤት መልክ ነው። የሚታወቁት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገና ያልያዙት ሰው ብቅ ሲል ወሬያቸውን ያቆማሉ።

ታክሲ ውስጥ ሳነበው ላፍቶ መውረጃዬን አልፌ ሄጃለሁ። በቃ፣ ተለክፌያለሁ!

ትናንት ከሥራ ስመለስ የኮንዶሚኒየማችን ሰዎች ደረጃው ሥር ቆመው ያወራሉ። የፊት ለፊት ጎረቤቴና ጓደኛዬ መሲ ብቅ ስትል ጸጥ! በቀልድ የሚፈጁን የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ደምሴ እንኳ መሬት መሬት ያያሉ።

ለብቻዬ ሳቅኩ።

ዛሬ ንጋት ላይ ኮቴ ሰምቼ በበሩ ቀዳዳ ሳይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላና ጋቢ ለብሶ የመሲ ደጅ ላይ ቆሟል። ማንም አይናገርም።

እዚህ አገር ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ምን ያስባል? ታውቃላችሁ። እኔም አውቃለሁ። ጭንቅላቴ ግን ጠፈር ላይ ነበር!

ለመሲ በቴሌግራም ላኩላት፦ «በር እንዳትከፍቺ! ሁሉም ተለውጠዋል። ትናንት አንቺን ሲያዩ ዝም አሉ። አሁን ደጅሽ ላይ ቆመዋል።»

አስከትዬም፦ «ከከፈትሽ ያንቺንም አካል ይወስዱታል፣ ሃሃሃ!»

በሩ ተበርግዶ ተከፈተ።

«አባዬ ነው አይደል?» አለች መሲ።

መርዶ ነበር። ክፍለ ሀገር ታመው የከረሙት አባቷ አርፈዋል። እነ ጋሽ ደምሴ ወንድሟ እስኪደርስ እየጠበቁ ነበር፤ አስቀምጠው፣ ደግፈው፣ ቀስ ብለው ሊያረዷት። እሷ ግን ብቻዋን፣ በፒጃማ፣ ከእኔ ቴክስት ተረዳች። ያን ጩኸቷን መቼም አልረሳውም።

«ማነው የነገራት?» አሉ ጋሽ ደምሴ ዙሪያውን እየቃኙ።

እኔ ስልኬን ደበቅኩ። ስልኳን ጥላ ስለወጣች ሁለተኛውን መልእክት አላየችውም፤ ሮጬ ቤቴ ገብቼ ከሁለታችንም ስልክ አጠፋሁት። አያሳፍርም?

ከሰዓት ድንኳን ውስጥ አስጠራችኝ። አለቀልኝ ብዬ ሄድኩ። እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ።

«ሁሉም ሲደብቁኝ አንቺ ብቻ አልደበቅሽኝም» አለች። አቅፋኝ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ከሐዘኑ ይልቅ ጸጸቱ ነው ያስለቀሰኝ።

ስሟን ቀይሬዋለሁ፣ ፌስቡክም የላትም። እስቲ ምከሩኝ፤ «እኔ እኮ የማወራው ስለ ጠፈር ወራሪዎች ነበር» ተብሎ ለሐዘንተኛ እንዴት ይነገራል?