በአፍ የሚተኩሰው ጦር

ጦርነቱ በተፋፋመበት በዚያ ታላቅ ወቅት፣ የልጆቻችን ማሠልጠኛ ካምፕ ለዓለም የጦር ጥበብ ያበረከተውን አስተዋጽኦ ሳልመሰክር ብቀር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ሌሎች አገሮች ወታደር ለማሠልጠን ጠመንጃ ያስፈልጋል እያሉ ስንት ሀብት ያባክናሉ። የእኛ አለቆች ግን ጉዳዩን በጥልቀት መርምረው፣ ጠመንጃ ከእንጨት፣ ጥይት ደግሞ ከአፍ ሊገኝ እንደሚችል ደረሱበት። እንጨቱ የመጥረጊያ እጀታ ነው። ጥይቱ «ጧ!» ነው።

አሠራሩ እጅግ የረቀቀ ነው። ሁለት ምልምሎች ፊት ለፊት ሲገናኙ ቀድሞ፣ ጮክ ብሎ «ጧ!» ያለ ገደለ፤ የተባለበት ሞተ። የሞተ ሰው በወደቀበት ይጋደማል። አሠልጣኙ ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ መነሳት፣ ማከክና ማስነጠስ በጥብቅ የተከለከለ ነው። መትረየስ የተመደበለት ልጅ ቀኑን ሙሉ «ጠጠጠጠጠ» ሲል ስለሚውል ከሌላው የበለጠ ውኃ ይሰጠዋል። ጠመንጃውን ምስጥ ያስበላ ወታደር ይቀጣል።

ለአሠልጣኝነትም ሰው የተመረጠው በብቃቱ ብቻ ነው። አሥር አለቃው ከጦርነቱ በፊት የአውቶቡስ ረዳት ነበር። መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ ሲጣራ፣ መንገድ የመሄድ ሐሳብ ያልነበረው ሰው ሁሉ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይመጣ ነበር ይባላል።

እንከኑ የእኔ ልጅ ነበር። በኪራይ ቤት ነው ያሳደግሁት። የቤቱ ባለቤት ከስስ ግድግዳ ወዲያ ስለምትተኛ፣ «ቀስ! ቀስ በል!» እያልሁ ሲስቅ እንኳ አፉን በትራስ እንዲያፍን አስተምሬዋለሁ። ኋላም ልብስ ሰፊ ዘንድ ሲቀጠር አፉ ውስጥ መርፌ ይዞ ነበር የሚውለው። እንዲህ ያለ ልጅ ጥይቱ ከከንፈሩ አያልፍም።

አንድ እሑድ ልጠይቀው ብሄድ ሜዳው መሐል ተጋድሞ አገኘሁት።

«አንተ ልጅ! ምን ሆነህ ነው?»

«ሞቼ ነው፣ እማ» አለኝ በሹክሹክታ። «ዝም በይ፣ ይሰሙናል።»

«መቼ?»

«ቁርስ እንደበላን።»

ወደ አሥር አለቃው ሮጥሁ። «የኔ ጌታ፣ እባክህ እውነቱን ንገረኝ፤ ልጄ የሚማረው ነገር አለ?»

«እማማ፣ ልደብቅዎት አልችልም» አለ ኮስተር ብሎ። «መሞት ላይ እሱን የሚያህል የለኝም። መግደል ላይ ግን ከፍተኛ ድጋፍ ይፈልጋል።»

እንቅልፍ አጣሁ። በመጥረጊያ እጀታ ፊት በየቀኑ የሚሞት ልጅ፣ የእውነት ጠመንጃ የያዘ ሰው ቢገጥመው ምን ሊውጠው ነው? ስለዚህ እንደ ማንኛዋም ለአገርዋ የምታስብ እናት የድርሻዬን ልወጣ ተነሳሁ። ድንች ሻጯን ጎረቤቴን ለመንኋት። የእሷም ልጅ እዚያው ካምፕ ውስጥ ነው፤ የእናቱን ጉሮሮ ስለወረሰ ግን ገዳይ የተባለ ገዳይ ሆኗል።

በሚቀጥለው እሑድ ልጄን ሽቦ አጥሩ ሥር አቁማ ታሠለጥነው ጀመር።

«ከጉሮሮህ አይደለም፣ ከሆድህ!» አለችው። «ድንች እየሸጥህ ነው በል። ዝናብ መጣ፣ ገበያተኛው እየሮጠ ነው፣ ድንቹ ሊበሰብስብህ ነው። በል!»

«ጧ» አለ።

«ይሄ ጥይት ነው ወይስ ይቅርታ መጠየቅ?»

«ጧ!»

«እሺ፣ አሁን ዝንብ ገደልህ። ጨምር!»

ልጁ ላብ በላብ ሆነ እንጂ አልጨመረም። ያን ጊዜ እኔ ጠጋ አልሁና «የቤቱ ባለቤት ከፊትህ ቆማለች፤ ኪራይ ልጨምር ነው እያለች ነው» አልሁት።

የልጅነት ዕድሜውን ሙሉ ትራስ ውስጥ የታፈነ ጩኸት በአንድ ጊዜ ወጣ። «ጧ!!» ሜዳው ላይ የተጋደሙት ሙታን መመሪያ ጥሰው ቀና ቀና አሉ። አሥር አለቃው ከእጁ ሻይ ደፋ።

ከዚያ ወዲያ ልጄን የሚችለው ጠፋ። አነጣጥሮ ተኳሽ ተብሎ ተሾመ። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ መሄድ ጀመርሁ፤ ጎረቤት ሁሉ «የአነጣጥሮ ተኳሹ እናት» እያለ ወንበር ይለቅልኝ ነበር። አሥር አለቃው ራሱ አጥሩ ድረስ መጥቶ ጨበጠኝ።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ እማማ! ሐሙስ ጄኔራሉ ባሉበት ፈተና አለ። እስከ መጨረሻው ያልወደቁት በዚያው ቀን ወደ ግንባር ይሸኛሉ።»

«የወደቁትስ?»

«እነሱማ ምን ይረባሉ? እዚሁ ቀርተው ሥልጠና ይደግማሉ።»

የጨበጠኝን እጁን አልለቀቅሁትም። «እና... ግንባር ሲደርሱ ጠመንጃ ይሰጣቸዋል አይደል?»

«እንዴታ! በሚገባ ታስቦበታል። ከፊት ያለው ሲወድቅ የእሱን ያነሳሉ።»

ልጄን ጠርቼ ክርኑን ያዝሁ። «የኔ አበባ፣ ሐሙስ ዕለት ውደቅ። እንደ ድሮህ ቁርስ እንደበላህ ሙትልኝ።»

«እኔ?» አለ ደረቱን ነፍቶ። ድምፁ ጆሮዬን ሰነጠቀው። «አነጣጥሮ ተኳሹ? እማ፣ ታሳፍሪኛለሽ እንዴ!»

ሐሙስ ደረሰ። እናቶች በክብር ተጋብዘን፣ እንድናጨበጭብም ተነግሮን ከሜዳው ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ጄኔራሉ በተዋጊ አፎች ውስጥ ስላለው የማይነጥፍ የጥይት ክምችት ረጅም ንግግር አደረጉ። ከዚያ ውጊያው ተጀመረ። ልጄ በስተቀኝ «ጧ!» ሲል አንድ ረድፍ ረገፈ፤ በስተግራ ዞሮ «ጧ!» ሲል ሌላው። ጄኔራሉ «ይሄንን ልጅ ዛሬውኑ ጫኑልኝ!» ብለው አጨበጨቡ።

የጭነት መኪናው ሞተር ሲነሳ ሰማሁ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ጣቴን ልጄ ላይ ቀሰርሁና ባለኝ አቅም ሁሉ ጮኽሁ።

«ጧ!»

ልጄ ዞሮ አየኝ። «እማ!» አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ግን ሥነ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው ያሳደግሁት፤ መመሪያውን አክብሮ ጧ ብሎ ወደቀ።

ድንች ሻጯ ጊዜ አላጠፋችም፤ የራሷን ልጅ በአንድ ጥይት ጣለችው። ከዚያ አግዳሚው ሁሉ ተነሳ። ጥይቱ እንደ በረዶ ወረደ። መትረየስ ያዡ «ጠጠ» ከማለቱ በፊት እናቱ ቀደመችው። አሥር አለቃው ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንዳደረገ ከወደ ኋላው ተመታ።

«ምንድን ነው ይሄ! ሥርዓት!» ብለው ጄኔራሉ ተነሱ።

«ጧ!» አለቻቸው ድንች ሻጯ።

መመሪያውን ያረቀቁት ራሳቸው ናቸው። ግራ ቀኝ አዩ፤ ቆባቸውን አወለቁ፤ ጥላ ያለበት ቦታ መርጠው ተጋደሙ።

ሜዳው ጸጥ አለ። ፊሽካ የሚነፋ የለም፤ ነፊው ሞቷል። ንፉ ብሎ የሚያዝም የለም፤ አዛዡም ሞተዋል።

«ቆይ እንጂ፣ ሬሳ ለቤተሰብ አይሰጥም?» አለች ድንች ሻጯ።

«ይሰጣል» አሉ ጄኔራሉ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

«ሬሳ አይናገርም፣ ጌታዬ» ብዬ በአክብሮት አስታወስኋቸው።

እያንዳንዳችን ሬሳችንን አንስተን ጉዞ ጀመርን። የልጄ ሬሳ ከበደኝና ራሱ እንዲሄድ ፈቀድሁለት። በሩ ላይ ዘበኛው ቢያቆመን ድንች ሻጯ «ልንቀብር ነው፤ አንተም መሞት ትፈልጋለህ?» ስትለው ቀጥ ብሎ ለሙታኑ ሰላምታ ሰጠ።

በሳምንቱ በሬዲዮ የማሻሻያ መመሪያ ተነበበ። ከእንግዲህ በእናት አፍ የሚተኮስ ማንኛውም ጥይት እንደማይገድል ታውቆ፣ በዚህ መልኩ የሞቱ ወታደሮች በሙሉ በሕይወት እንዳሉ ተቆጥረው በአስቸኳይ ወደ ግንባር እንዲሄዱ አቅጣጫ ተቀምጧል።

እኛ እናቶች ሕግ አክባሪዎች ነን። ተሰብስበን ውሳኔውን በሙሉ ድምፅ ደገፍነው። የጠየቅነው አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት፤ ይኸው መመሪያ ለጠላት ጥይትም ይነበብለትና መስማማቱ ይረጋገጥልን። ማረጋገጫው እንደ ደረሰን ልጆቻችንን እየዘፈንን እንሸኛለን።

እስከዚያው ልጄ እንደ ሞተ ነው። አሁንም ሞቶ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሟል፤ ድስቱ ውስጥ የተረፈ ነገር አለ ወይ እያለ ይጨቀጭቀኛል።