የወይዘሮ የትነበርሽ ስምና የአያ ታከለ ንብ

የሕግ መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ረቡዕ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ጎንደር፣ የኮሌጁ መሰብሰቢያ አዳራሽ። የአዳራሹን ቁልፍ የያዘው ሰው ስላልመጣ ስብሰባው በሩ ፊት ለፊት ኮሪደር ላይ ተካሂዷል።
ሰዓት፦ ለ3፡00 ተጠርቶ 4፡20 ላይ ተጀመረ።

የተገኙ አባላት፦
1. ዶ/ር ህሩይ፣ ሰብሳቢ
2. ወ/ሮ እጅጋየሁ፣ ጡረታ የወጡ ዳኛና የጽሑፍ ገምጋሚ
3. አቶ ወንዴ፣ መምህርና የሚገመገመው ጽሑፍ ባለቤት
4. አቶ ሐምዛ፣ ለስብሰባው ሳይሆን ባለፈው ረስተውት የሄዱትን ጃንጥላ ለመውሰድ የመጡ
5. ሄለን፣ ጸሐፊ፤ በሌለችበት ቀን የተመረጠች፣ ድምፅ የሌላት

በጥሪ የተገኙ፦ ከአምባ ጊዮርጊስ አካባቢ የመጡ ሁለት ጎረቤታሞች፣ አቶ ታከለ (ከሳሽ) እና ወ/ሮ የትነበርሽ (ተከሳሽ)።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባቱ አባላት አራቱ ያስፈልጋሉ። የአቶ ሐምዛ ጃንጥላ አዳራሹ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ውጭ ደግሞ ዝናቡ ያወርደዋል። ስለዚህ መሄድ አልቻሉም፤ ምልዓተ ጉባኤውም ተሟልቷል።

አጀንዳ ያልተያዘለት ነገር ግን ግማሽ ሰዓት የፈጀ ጉዳይ፦ ብስኩት

ሰብሳቢው ቀኑ ረቡዕ፣ ያውም የሐዋርያት ጾም መሆኑን አስታውሰው የቀረበው ብስኩት ወተት አለበት ወይስ የለበትም ሲሉ ጠየቁ። አቶ ወንዴ ማሸጊያውን አንብበው «ሊኖርበት ይችላል» እንደሚል አስረዱ። ወ/ሮ እጅጋየሁ «ይችላል» ማስረጃ አይሆንም፣ የማስረዳት ሸክሙም ያለው ብስኩቱ የጾም ነው በሚለው ወገን ላይ ነው አሉ። ይህ ሁሉ ሲባል ጾሙ የማይመለከታቸው አቶ ሐምዛ ብስኩቱን ጨርሰውታል። ከረጅም ውይይት በኋላ ክርክሩ ጭብጥ የሌለው ሆኖ ስለተገኘ መዝገቡ ተዘግቷል።

አጀንዳ 1፦ በአንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ የቀረበ ጥናት

አቶ ወንዴ ጽሑፋቸውን እንደሚከተለው አስረዱ። አምና ከአቶ ታከለ ቀፎ የወጣ የንብ መንጋ ወ/ሮ የትነበርሽ ግቢ ወይራ ላይ ሰፈረ። ወ/ሮ የትነበርሽ በራሳቸው ቀፎ አስገቡት። ክርክሩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰና ባለቤቱ የሸሸውን መንጋ እግር በእግር እስከተከተለው ድረስ ንቡ የባለቤቱ ነው ተብሎ ለአቶ ታከለ ተፈረደ። አቶ ወንዴ ይህ ለፍትሐ ብሔር ፍትሕ ትልቅ እርምጃ መሆኑን በአርባ ገጽ አትተው ሕጉን «የየትነበርሽ ደንብ» ብለው ሰይመውታል። ጽሑፉ ለረዳት ፕሮፌሰርነት የቀራቸው የመጨረሻ ሥራ መሆኑንም አራት ጊዜ ጠቅሰዋል።

ወ/ሮ የትነበርሽ የመናገር ዕድል ጠይቀው እንዲህ አሉ፦ «እኔ የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው። ስሜን ከጽሑፉ ሰርዙልኝ። ገበያ በወጣሁ ቁጥር የንብ ሌባ እየተባልሁ ነው። ልጄ ሃና ለመስከረም እዚሁ ሕግ ልትማር ነው። ምነው፣ በእናቷ ስም ልትፈተን?»

ሰብሳቢው ጥያቄውን ወደ አቶ ወንዴ መሩት።

አቶ ወንዴ ፍርድ በተከራካሪ ስም መጠራቱ የዓለም ልማድ ነው ቢሉም የወ/ሮ የትነበርሽ ስም በሌላ እንዲቀየር ተወሰነ። «አበቡ» ይባሉ ተባለ፤ የሰብሳቢው አማት ስም ሆኖ ተገኘ። «ወለተሩፋኤል» ተባለ፤ ወ/ሮ እጅጋየሁ የክርስትና ስሜን ማን ነገራችሁ ሲሉ ተቆጡ። ማንም የማይጠራበት ስም ይፈለግ ቢባል አቶ ሐምዛ ጎንደር ውስጥ ዘመድ የሌለው ስም አይገኝም አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ «ወይዘሮ መ» እንዲባሉ ተወስኗል።

አቶ ታከለ ተቃወሙ። ያሸነፉት እሳቸው ስለሆኑ ስማቸው ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው፣ ቢቻል ከነፎቷቸው እንዲታተም ጠየቁ። ወ/ሮ የትነበርሽ አያ ታከለ ከተጻፈ «መ» ማን እንደሆነች ያገሬ ሰው መች ይጠፋዋል አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ የአቶ ታከለ ስም እንዲታተም፣ መጽሔቱ ግን አምባ ጊዮርጊስ እንዳይገባ፣ ለዚህም አቶ ሐምዛ መናኸሪያ ቆመው የተሳፋሪውን ቦርሳ እንዲፈትሹ ተወሰነ። አቶ ሐምዛ የልዩነት ሐሳቤ ይያዝልኝ ብለዋል። ተይዟል።

አጀንዳ 2፦ የፍርዱን ቃል ማመሳከር

አቶ ታከለ ፍርዱ ሲነበብ ሰምተው እንደማያውቁ፣ የነገራቸው ሰው «አሸንፈሃል» ብቻ እንዳላቸው ገለጹ። አቶ ወንዴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፦ «ከሳሽ መንጋው ከቀፎው ከወጣበት ጊዜ አንስቶ ከዓይናቸው ሳይሰወር በመከተላቸው...»

ወ/ሮ የትነበርሽ አቋረጡ። «አያ ታከለ፣ ከዓይንዎ ሳይሰወር? ማኅበር ጠጥተው ተኝተው አልነበር? ንብዎ እኔ ዘንድ መጣ ብዬ የቀሰቀስሁዎ እኔ አይደለሁም? ነገ እወስደዋለሁ፣ ነገ እወስደዋለሁ ቢሉኝ ዝናብ እንዳይመታው ቀፎ ሰጠሁት።»

ወ/ሮ እጅጋየሁ ይህን ለምን ለፍርድ ቤቱ አልተናገሩም ሲሉ ጠየቁ። «ተናገርሁ። ምስክር አለሽ ወይ አሉኝ። የነበርነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን።»

ሰብሳቢው አቶ ታከለ መልስ እንዲሰጡ ጠየቁ። አቶ ታከለ ባርኔጣቸውን አውልቀው፦ «እውነቷን ነው። ተከትያለሁ ካላልህ ንቡ አይመለስልህም አሉኝ፤ አልሁ። በሉ የእኔንም ስም ሰርዙት።»

አቶ ወንዴ ይህ በግርጌ ማስታወሻ ሊታለፍ ይችል እንደሆነ ጠየቁ። ወ/ሮ እጅጋየሁ አርባው ገጽ የቆመው በተኛ ሰው ዓይን ላይ ነው አሉ። አቶ ወንዴ ግድግዳውን ተደግፈዋል። ጸሐፊዋም ከልቧ አዝናላቸዋለች።

ወ/ሮ እጅጋየሁ በሐሰት ቃል የተገኘ ፍርድ እንደገና እንዲታይ ማመልከቻ ልጻፍልሽ ቢሏቸው ወ/ሮ የትነበርሽ ንቡን ይያዙት፣ አልፈልገውም አሉ። ሰብሳቢው ጽሑፉ እንዲቀር፣ ሁለቱም ስሞች እንዲሰረዙና ሁሉም ወደ ቤቱ እንዲሄድ ሐሳብ አቀረቡ። ተደገፈ። ድምፅ ሊሰጥበት ሲል ወ/ሮ የትነበርሽ እጃቸውን አወጡ።

«ቆዩ። አሁን ስሜ ይግባ።»

ሰብሳቢው ስማቸው የተሰረዘው በራሳቸው ልመና መሆኑን አስታወሷቸው።

«ያኔ ሌባ ነበርሁ» አሉ ወ/ሮ የትነበርሽ። «አሁን የቀሰቀስሁት እኔ ነኝ። እሱ ይጻፍ። ሃናም ትፈተንበት።»

ሰብሳቢው የአቶ ታከለ ስም ግን በጥያቄያቸው መሠረት እንደሚሰረዝ አረጋገጡ። አቶ ታከለ ባርኔጣቸውን ሲያገላብጡ ቆይተው፦ «የለም፣ የእኔም ይቆይ። እኔ ከሌለሁበት ማን ያምናታል?» አሉ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በዛሬው ስብሰባ ከዚህ በላይ የተወሰነው ሁሉ፣ የመናኸሪያው ፍተሻ ጭምር፣ ተሽሯል። አቶ ወንዴ ጽሑፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው እንደገና ይጻፉ፤ የሁለቱም ስም በሙሉ ይግባ። ውሳኔው ያለ ተቃውሞ አልፏል፤ አቶ ወንዴም እጃቸውን አውጥተዋል።

ስብሰባው 7፡10 ላይ ተበትኗል። ሰው ከተነሣ በኋላ ጸሐፊዋ ወ/ሮ የትነበርሽን የአባታቸውን ስም ጠይቃለች። እንዳትሳሳቺ ብለው እየተመለከቷት ተጽፏል፦ የትነበርሽ ገብረ ኢየሱስ።