ላስታምምህ መጥቼ

(የሆስፒታል ክፍል። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር። ሆዱን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት የሰነበተው ልብስ ሰፊ ኮቱን ለብሶ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ቆሟል። የእህቱ ባል፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ ዓይኑ እንቅልፍ በማጣት ቀልቶ ትራስ ያስተካክላል።)

ሹፌር፦ ተኛ አልኩህ! ትራስ የሚደረገው በቀኝ በኩል ነው።

ልብስ ሰፊ፦ አንገቴ ግን መሃል ላይ ነው የበቀለው።

ሹፌር፦ በሽተኛ ስለ አንገቱ ምን ያውቃል? ደግሞ ኮት ለብሰህ የት ልትሄድ ነው?

ልብስ ሰፊ፦ ሐኪሙ ጠዋት መጥቶ...

ሹፌር፦ አትናገር! ስፌትህ ይፈታል!

ልብስ ሰፊ፦ የቱ? የሱሪዬ?

ሹፌር፦ የሆድህ! ኧረ ጌታ ሆይ፣ ትዕግሥት ስጠኝ! ስንት ቦታ ረግጬ እንደመጣሁ ብታውቅ! ከጎረቤት ለቅሶ ወደ አክስቴ፣ ቧንቧዋ ፈንድቶ፤ ከዚያ ወዳንተ።

ልብስ ሰፊ፦ ውይ! እና የት ተኛ?

ሹፌር፦ ማን?

ልብስ ሰፊ፦ ቧንቧው። እዚሁ ሆስፒታል ነው?

ሹፌር፦ (ጭንቅላቱን ይዞ) እኔ ባልኖር ምን ይውጥህ ነበር? ማን አለህ?

ልብስ ሰፊ፦ እግዚአብሔር።

ሹፌር፦ እሱማ አለ! ሾርባ የሚያመጣልህን ነው የምልህ።

ልብስ ሰፊ፦ ሾርባው የታለ?

ሹፌር፦ (ይዞት የመጣውን ፌስታል ከፍቶ ትልቅ የቧንቧ መፍቻ ያወጣል። ሁለቱም ያዩታል።) ...ሾርባውን አክስቴ ቤት ቧንቧው ሥር ትቼዋለሁ።

ልብስ ሰፊ፦ ወንድሜ፣ ደክሞሃል። አረፍ በል።

ሹፌር፦ ቃሉ አንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም አይልም?

ልብስ ሰፊ፦ የሌላውን አለ እንጂ የሁሉንም አለ እንዴ?

ሹፌር፦ አንተ ደግሞ የሰማኸውን ሁሉ ታጣምማለህ! ና፣ ላንሳህ! (አቅፎ ሊያስተኛው ሲል ወገቡ ቀጭ ይላል። ራሱ አልጋው ላይ ይዘረራል።) ለትንሽ ነው... አልጋውን ላሙቅልህ ብዬ ነው።

ልብስ ሰፊ፦ (ጫማውን እያወለቀለት) ትናንት አውቶቡሱን ምን አድርገኸው ነው? እህቴ ስታለቅስ ነበር።

ሹፌር፦ መሪው ላይ ሸለብ አደረገኝ። አውቶቡሱ የሰው አጥር ውስጥ ገብቶ ቆመ።

ልብስ ሰፊ፦ ተሳፋሪዎቹስ?

ሹፌር፦ የደረሱ መስሏቸው አመስግነው ወረዱ። (ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ) አንዷ ሕፃን አዝላ ነበር።

(ልብስ ሰፊው ብርድ ልብስ ያለብሰዋል።)

ልብስ ሰፊ፦ ጌታም እኮ ደክሞት ጀልባ ላይ ተኝቷል።

ሹፌር፦ እሱ ማዕበል ያዛላ! እኔ ከተኛሁ ማን ያዛል?

ልብስ ሰፊ፦ እሱው ነዋ።

ሹፌር፦ ...ለካ። (ያንኮራፋል።)

(ነርሷ አንሶላ ይዛ ትገባለች።)

ነርስ፦ እንዴ! እርስዎ አሁንም አሉ? ጠዋት ድነዋል፣ ይሂዱ አልተባሉም?

ሹፌር፦ (ብንን ብሎ) ድነሃል?! ታዲያ እስካሁን እዚህ ምን ትሠራለህ?

ልብስ ሰፊ፦ በሩ ላይ ስደርስ መጣህብኝ። በዚህ ሁኔታህ ጥዬህ ልሂድ?

ነርስ፦ ኧረ ግራ አታጋቡኝ! ከሁለታችሁ አስታማሚው ማን ነው?

(ሹፌሩ ደረቱን ነፍቶ ሊነሳ ይሞክራል። ወገቡ እምቢ ይለዋል። እንደገና ይሞክራል። ከዚያ ቀስ ብሎ ተመልሶ ይተኛና ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ይስባል።)

ሹፌር፦ እሱ ነው፣ እህቴ። ጎበዝ አስታማሚ ነው፤ እባክሽ አታስወጪብኝ።