ሁለት ምሽቶች በክብርት ዊኒፍሬድ ትእዛዝ

በመዝናኛ መርከብ ላይ ያለው ካፒቴን አንድ ብቻ ነው የሚል ሰው መርከብ ተሳፍሮ አያውቅም። ሁለት ናቸው። አንደኛው ነጭ ለብሶ ላይ ይቆማል፤ የት እንደምንደርስ ይወስናል። ሁለተኛዋ ክላሰር ታቅፋ ቁርስ ቤቱ በር ላይ ትቆማለች፤ ከደረስን በኋላ ማን ከማን ጋር፣ በየትኛው በር፣ ምን ለብሶ፣ ሽንት ቤት ስንት ጊዜ ሄዶ እንደሚወርድ ትወስናለች። የመጀመሪያው ቢታመም ምክትል አለው። ሁለተኛዋ ምክትል የላትም፤ አትታመምም።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ኦስትላንድ ነበረች። እናንተም ታውቋታላችሁ። በሌላ ስም፣ በሌላ ጸጉር፣ በቤተ ክርስቲያን ሽርሽር ወይም በሰው ሠርግ ላይ አግኝታችኋታል፤ ከተቀመጣችሁበት ወንበር አስነስታ ሌላ ወንበር ላይ አስቀምጣችኋለች። የሚያናድደው ደግሞ ሁለተኛው ወንበር የተሻለ መሆኑ ነው።

ዊኒ ብለን ነው የምንጠራት፤ የካናዳው ሸለቆአችን ሰው ናት፤ እኔ ከወንዙ ወዲህ፣ እሷ ወዲያ ማዶ። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡሶችን ስምሪት ስትመራ ኖራለች። ጡረታ የወጣችው ከአውቶቡሶቹ ነው እንጂ ከስምሪቱ አይደለም። "አውቶቡሱ አይጠብቅም" ትላለች፤ ባሕር መሀል ሆነን፣ ሾርባችንን እየጠጣን፣ መሬት የሚባል ነገር በማይታይበት። ባለቤቷ ክላይድ በአርባ ስድስት ዓመት ትዳር ውስጥ "የትኛው አውቶቡስ?" ብሎ የጠየቀው አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ በሹክሹክታ ነግሮኛል። ምን እንደተመለሰለት ግን አልነገረኝም።

ከሸለቆአችን አሥራ አንድ ሰዎች ሆነን ነበር የተሳፈርነው። መርከባችን በሩስያዋ ፒተርስበርግ ወደብ ሁለት ቀን ይቆማል፤ ያ ማለት ሁለት ምሽት ነው። ቀኑን ማንም ሰው ያቅደዋል፤ ምሽትን ማቀድ ግን ሙያ ይጠይቃል ባይ ናት ዊኒ፤ ለእነዚያ ሁለት ምሽቶች ስምንት ወር ተዘጋጀች። እዚያ ወደብ ቪዛ የሌለው መንገደኛ እንዳሻው አይወርድም። የአስጎብኚ ወረቀት ይዞ፣ ከአስጎብኚው ጋር ወርዶ፣ ከአስጎብኚው ጋር ይመለሳል። ሌላውን መንገደኛ ይህ ሕግ ሲያበሳጨው ዊኒን አስደሰታት። በሕይወቷ ሙሉ የተመኘችው አገር ነው፤ ማንም ሰው ከመስመር የማይወጣበት።

እኔ ግን ከሁለቱ ምሽቶች የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። የእኛ ሰዎች፣ ዱኮቦሮች፣ ጠመንጃ አንይዝም ብለው ከሩስያ ተሰደው ነው ካናዳ ተራሮች ሥር የሰፈሩት። አያቴ ቋንቋዋን ይዛ መጣች፤ እኔ በጆሮዬ ተቀበልኳት። ሰፈራችን ልጆቹን ትምህርት ቤት መስደድ አይወድም ነበርና ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እሱም የእንግሊዝኛውን። የሩስያውን እስከ ዛሬ አላነብም። ልጆቼ ሳወራ ይሰሙኛል እንጂ አይመልሱልኝም። የምትመልስልኝ እህቴ ማቭራ ነበረች፤ ካረፈች ሁለት ክረምት ሆናት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቋንቋ የማወራው ከዶሮዎቼ ጋር ነው። ዶሮ ጥሩ አድማጭ ናት፤ መልስ ላይ ግን ደካማ ናት። ስለዚህ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ቁጭ ብሎ በአያቴ ቋንቋ እንዲመልስልኝ ፈለግሁ። ስለ ድንችም ቢሆን።

ይህንኑ ለዊኒ ነገርኳት። ክላሰሯን ገለጠች።

"ወሬ?" አለች። "ስንት ደቂቃ ነው ወሬው?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ዊኒ።"

"ሃያ? አርባ? የት ነው ቦታው? ከማን ጋር?"

"ከተገኘው ሰው ጋር።"

"ከተገኘው ሰው ጋር ተብሎ ፕሮግራም አይያዝም፣ ፌንያ" አለችና እርሳሷን ጆሮዋ ላይ መልሳ ሰካች።

የመጀመሪያው ምሽት የጀልባ ሽርሽር ነበር፤ በከተማዋ ቦዮች ላይ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት። ክብርትነቷ ጨለማውን አስባ ለአሥራ አንዳችንም የእጅ ባትሪ ገዝታ፣ ስማችንን ለጥፋ አደለችን። የበሮቹን ቁጥር ታውቃለች፣ የደረጃዎቹን ብዛት ታውቃለች፤ በሰኔ ወር በዚያች ከተማ ፀሐይ መግባት እንደምትረሳ ግን ማንም አልነገራትም። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ወንዙ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ እኛ አሥራ አንድ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ባትሪ ጨብጠን፣ ዓይናችንን ከፀሐይ እየከለልን ተሰለፍን።

"ዊኒ፣ ይህን ነገር ሻንጣ ውስጥ ብከተው?" አለ ክላይድ።

"ድልድይ አለ" አለችው።

እውነትም ድልድይ ነበረ። ጀልባዋ ሥሩ ስትገባ ለአራት ሰከንድ ያህል ደብዘዝ አለ። ዊኒ ባትሪዋን አበራች። ከሌላኛው በኩል ስንወጣ ፊቷ ላይ የነበረውን ኩራት ጄኔራሎች ላይ እንኳ አላየሁም።

በዚያ ምሽት እኔም ሥራዬን ሞከርኩ። ፓስፖርት የሚያትመውን ወጣት በአያቴ ቋንቋ "ደህና አመሸህ ልጄ" አልኩት፤ በእንግሊዝኛ "ካሜራውን ተመልከቺ" አለኝ። አይስክሬም ሻጯን ስለ ዝናቡ ጠየቅኳት፤ በእንግሊዝኛ "ቫኒላ ወይስ ቸኮሌት?" አለችኝ። አስጎብኚያችን ክሴኒያ ጨዋ ልጅ ናት፤ እሷንም አናገርኳት። ቆም ብላ ሰማችኝ፣ ፈገግ አለች፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ "እንዴት ደስ ይላል፣ የእርስዎ አነጋገር እኮ ሙዚየም ውስጥ የሚቀመጥ ነው" አለችና ሰው ልትቆጥር ሄደች። ክፉ አላሰበችም። ሙዚየም ውስጥ ያለን ነገር ግን ሰው ያየዋል እንጂ አያናግረውም። ዊኒ አጠገባችን ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰማች፤ እርሳሷ ግን ከጆሮዋ አልወረደም።

አንድ ምሽት ቀረኝ።

ሁለተኛው ምሽት የባሌት ዳንስ ነበር፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ዊኒ የስምንት ወሩን እንቅልፍ ያጣችለት። ቀኑን ሙሉ ቤተ መንግሥት ስንጎበኝ ውለን ልብስ ለመቀየር ወደ መርከቡ ብንመለስ፣ የፓስፖርቱ ሰልፍ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ይበላል። ስለዚህ የምሽት ልብሳችንን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንድንለብስና የዝናብ ካፖርት እንድንደርብበት ታዘዝን። ታዘዝንም። ክላይድ ጥቁር ሙሉ ልብስና የቢራቢሮ ከረባት አድርጎ በወርቅ አዳራሾች መሀል ሲንጎማለል ጎብኚዎች የቤቱ ሹም መሰላቸው። ሦስት ቤተሰቦች መጸዳጃው የት እንደሆነ ጠየቁት። ለሦስቱም በትክክል አመለከታቸው፤ የዊኒ ወረቀት ላይ መጸዳጃዎቹ ሁሉ በቀይ ተከብበዋል።

ቴአትር ቤቱ ስንደርስ ዝናቡ ይወርዳል። ክብርትነቷ እዚህም አስባበታለች። "ካፖርት አናስረክብም" አለች ደረጃው ላይ አቁማን። "ጭናችን ላይ እናደርገዋለን። ስንወጣ አሥራ አንድ ደቂቃ እናተርፋለን። አውቶቡሱ አይጠብቅም።"

ይህን ሊያስብ የሚችል የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው። በዚያ አገር ካፖርት ይዞ አዳራሽ መግባት ትልቅ ነውር ነው፤ ትኬት የሌለው ሰው እንኳ እንደዚያ አያስደነግጣቸውም። በሩ ላይ የቆመችው ሴት ዊኒን አየች፣ ካፖርቱን አየች፣ ጣቷን ወደ ታች ቀሰረች። ዊኒ ክላሰሩን አሳየቻት። ሴትዮዋ ጣቷን አላነሳችም። ባወቅኋት ዘመን ሁሉ ዊኒ ስትሸነፍ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ አሥራ አንዱን ደቂቃ በእርሳስ ሰርዛ ወደ ካፖርት ማስቀመጫው ወረድን። እሷ እንደ ልማዷ ሰው ልትቆጥር ከኋላ ተሰለፈች፤ እኔ ከፊቷ።

ካፖርት የሚቀበሉት ሴቶች የእኔ እኩያ ናቸው። የእኔ ተራ ሲደርስ ተቀባይዋ ካፖርቴን ገለበጠችው፣ አንገቱን ፈተሸችው። ለመስቀያ የምትሆነው ትንሿ ማንጠልጠያ የለችውም። ባንኮኒው ላይ ጣለችውና በሩስያኛ ወረደችብኝ።

"ይህን በምን ልስቀልልዎት፣ ሴትዮ? በጆሮዬ? ትልቅ ሰው አይደሉም እንዴ? ማንጠልጠያ የሌለው ልብስ ለብሶ ወደ ሰው ይመጣል?"

በሕይወቴ እንደዚያ ስድብ ያስደሰተኝ የለም። እያንዳንዷ ቃል ገባችኝ።

"አትቆጪ፣ እህቴ" አልኳት በአያቴ ቋንቋ። "ራሴ ነኝ የሰፋሁት። እኛ ቤት ልብስ ይለበሳል እንጂ አይሰቀልም።"

እጇ ካፖርቱ ላይ እንዳለ ቀረ። "እንዴት አልሽ?"

ደገምኩላት።

"ከየት ነሽ?"

"ከካናዳ።"

"ካናዳ እንዲህ አይናገሩም።"

"አንዳንዶቻችን እንናገራለን።"

"እንዲህ የምትናገር አያቴ ነበረች፤ የታምቦቭ ገጠር ሰው። ከሞተች አርባ ዓመት ሆናት" አለች። ከዚያ የባንኮኒውን ትንሽ በር ከፈተች። "ግቢ። ቁጭ በይ። መርፌ አለኝ። ዚናይዳ እባላለሁ።"

በዚህ መሀል ደወል ተደወለ፤ ቀጥሎም ሁለተኛው። ክሴኒያ እየሮጠች መጣች። ከሦስተኛው ደወል በኋላ የአዳራሹ በር ይዘጋል፤ እስከ ዕረፍቱ ማንም አይገባም። ዊኒ እኔን አየችኝ፤ ካፖርቶች መሀል በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ዚናይዳ ክር ታስገባለች፣ ሁለታችንም እናወራለን።

"አስገቢያቸው" አለቻት ክሴኒያን። "እኔ ከፌንያ ጋር እቆያለሁ። ከዚህ ቤት አንወጣም፤ ቃሌ ነው።"

"ዊኒ" አለ ክላይድ፣ "ስምንት ወር እኮ ነው።"

"ከረባትህ ዞሯል፣ ክላይድ። ሂድ።"

ሦስተኛው ደወል ተደወለ። ሙዚቃው በግድግዳው አልፎ መጣ። ዊኒ ካፖርቷን ክንዷ ላይ እንዳደረገች፣ ክላሰሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ከባንኮኒው ማዶ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ የእግሯ ጫፍ ብቻውን ሙዚቃውን ይከተላል።

እኛ ስለ ጎመን እናወራለን።

"አያትሽ ጎመኑን እንዲኮመጥጥ በጨው ስትጠምቅ ምን ትጨምርበት ነበር?"

"የእንስላል ዘር። ካሮት ደግሞ።"

"ካሮት? ካሮት ያበላሸዋል።"

"የአንቺ አያት ስላልቻለችበት ነው።"

"አያቴን ተያት" አለች ዚናይዳ፤ እየሳቀች ግን ነበር። "ተናገሪ ብቻ። ማንንም ስደቢ፣ ብቻ ተናገሪ።"

ስለ ማቭራ ነገርኳት። ስለ አማቿ ነገረችኝ፤ ሰነፍ ነው። ስለ ጉልበታችን ተነጋገርን፤ የሷ ግራው፣ የእኔ ሁለቱም። የአያቴን አንድ ቃል ባልኩ ቁጥር መርፌዋን ታቆምና ቃሉን ለራሷ ትደግመዋለች።

ማንጠልጠያ ግን ትንሽ ነገር ናት። ዚናይዳ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፤ ካፖርቴን ሰቀለች፤ ቁጥሬን ሰጠችኝ። ወዲያ ጫፍ የቆመችው አለቃዋ ማየት ጀምራለች፤ እንግዳ ባንኮኒ ውስጥ መቀመጥ አይፈቀድለትም፣ ጉዳይ ከሌለው በቀር። "በይ እንግዲህ" አለችኝ ቀስ ብላ። ተነሳሁ።

ያኔ ከአግዳሚው በኩል አንድ ነገር ቀጭ አለ።

ዊኒ ወደ ባንኮኒው መጣች። ለጉዞው የገዛችውን አዲሱን ካፖርቷን ዘረጋች፤ የአንገቱ ማንጠልጠያ በአንድ በኩል ተንጠልጥሏል።

"ፌንያ" አለችኝ፣ "የኔም ተበጥሷል በያት።"

ይህች ሴት አውቶቡስ ያመለጣቸው ልጆች ሠላሳ አንድ ዓመት ሲዋሿት የኖረች ናት። ከእነሱ ምንም አልተማረችም፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። በሸለቆአችን ስለ እሷ ከሚያሙት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ፤ ይህን ጽሑፍም የጀመርኩት እንደዚያው ነው። ያን ጊዜ ግን ብትፈቅድልኝ ኖሮ አቅፌ እስማት ነበር። አትፈቅድም፤ ፕሮግራም ላይ የለም።

ለዚናይዳ ተረጎምኩላት። ዚናይዳ የተበጠሰውን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች፤ ክሮቹ ገና ትኩስ ናቸው።

"አሁን ነው እንዴ የተበጠሰው?"

"አሁን ነው" አልኳት፤ መዋሸት እኔም አልችልበትም።

ዊኒን ረዘም አድርጋ አየቻት። ከዚያ መሳቢያዋን ከፈተች፤ የአሁኑን ክር ከፊተኛው ሁለት እጥፍ አድርጋ ቆረጠች። "ከባድ ጨርቅ ነው" አለች አለቃዋ እንድትሰማ ጮክ ብላ። "ደጋግሞ መስፋት ነው። ጊዜ ይወስዳል።"

"ምን አለች?" አለች ዊኒ።

"ጊዜ ይወስዳል አለች።"

"ይውሰድ" አለች ዊኒ፤ ክላሰሩን አግዳሚው ሥር አስገብታ ተመልሳ ተቀመጠች። "ሲያልቅ የክላይድም ካፖርት አለ በያት።"