ባትሪ ሙቀት አይወድም

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ለጅቡቲ ሰው የተተረተ ይመስለኛል። እዚህ ከተማ ውሃ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ፀሐይ ግን አንድ ቀን እንኳ ቀርታ አታውቅም። ብትቀር ደስ ባለን። ስንረግማት ኖረን ኖረን፣ አሁን አቅም ያለው ሰው ጣሪያው ላይ ሶላር ዘርግቶ ሊያልባት ጀምሯል። ሌላው ከታች ሆኖ እንደ ድሮው ይነድዳል።

እኔ ከአላቢዎቹ አንዱ ነኝ፤ ሥራዬ ሶላር መዘርጋት ነው። አባቴ በድሮው ባቡር ዘመን ከድሬዳዋ መጥቶ ካርቲየ 1 የሚባለው ሰፈር የቀረ ሰው ነው። እኔም እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው አድጌ፣ እዚያው ራሴ ተመለጠ። የራሴን ነገር ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትደርሱበታላችሁ።

አምና፣ ሙቀቱ ሳይብስ፣ አንዲት ነጋዴ እመቤት ለቪላቸው ሶላር እንድዘረጋላቸው ጠሩኝ። ጣሪያው ላይ ስወጣ ጥግ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አየሁ። የቤቱ ሠራተኛ የወይንሸት መኝታ ናት። ወይንሸት የደሴ ልጅ ናት፤ ባቡር ናጋድ ጣቢያ ካወረዳት አራት ዓመቷ ነው። እንዴት ትተኛለሽ ብላት፣ አንሶላዬን ውሃ ነክሬ፣ እስኪደርቅ ድረስ እተኛለሁ አለችኝ። ሲደርቅ ተነስታ እንደገና ትነክራለች።

አንጀቴን በላችው። ፓኔሎቹን ዋናው ጣሪያ ላይ መደርደር ስችል፣ እመቤቲቱን ፀሐይ የሚበዛው እዚህ ጥግ ነው ብዬ፣ ከቆርቆሮዋ ክፍል በላይ በብረት ቋሚ ከፍ አድርጌ ደረደርኳቸው። ውሸቴን ነው፤ በዚህ አገር ፀሐይ የማይበዛው የት ጥግ ነው? እኔ የፈለግሁት ለልጅቱ ጥላ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ወይንሸት መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ «ጋሼ፣ ትናንት እንቅልፍ ወሰደኝ» አለችኝ፣ የልጅ መወለድ እንደምታበስር ሁሉ። ያን ቀን ራሴን ከጻድቃን ተራ አስገብቼ ቤቴ ገባሁ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የእኔ ሁለቱም አመለጡኝ። ባትሪዎቹን ያስቀመጥኳቸው ምድር ቤት፣ ከኩሽናው ጀርባ ባለው መስኮት አልባ ዕቃ ቤት ነበር። ለቁጥጥር የሄድኩ ዕለት ቦታው ጋል ብሎ ስላገኘሁት፣ ባለችኝ ፈረንሳይኛ ልራቀቅ ብዬ ለእመቤቲቱ ባትሪ ሙቀት አይወድም፣ ሲሞቀው ዕድሜው ያጥራል፣ ዋስትናውም ይሰረዛል አልኳቸው። ብድግ አሉ። የየክፍሉን ግድግዳ በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ ደረጃውን ወጥተው የወይንሸት በር ላይ ቆሙ። «ለካ እዚህ ቀዝቀዝ ይላል» አሉ።

በማግስቱ ባትሪዎቹ ወጡ፣ ወይንሸት ወረደች፤ ወደ ዕቃ ቤቱ። ለባትሪዎቹ ማቀዝቀዣም ተገዛላቸው። የገጠምኩላቸው እኔው ነኝ። እመቤቲቱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ በዓል ሲመጣ ልብስ ይገዙላታል፣ ሲያማት መድኃኒት ያመጡላታል። ግን ባትሪው የአሥር ዓመት ዋስትና አለው፤ ወይንሸት የላትም።

አርፌ መቀመጥ ሲገባኝ፣ ጥፋቴን በሌላ ውሸት ልጠግን ተነሳሁ። ባትሪ በቀትር ብቻውን አይተውም፣ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት አንድ ሰው በሩን ዘግቶ አጠገቡ መቀመጥ አለበት አልኳቸው። በልቤ፣ ከወይንሸት ሌላ ማንን ያስቀምጣሉ ብዬ ነው። እሷም በሩ ጋ ቆማ ሰምታ፣ ፈገግታዋን ለመደበቅ አቀረቀረች። እመቤቲቱ አሰብ አደረጉና፣ ይሄን የሚያህል ኃላፊነት ለሠራተኛ አይተውም ብለው ለወንድማቸው ሰጡት።

በዚህ ከተማ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ወንድ ምን እንደሚሠራ እናንተም ታውቃላችሁ። ጫቱ ከኢትዮጵያ ይገባል፣ ሥራ ይዘጋል፣ ፍራሽ ይነጠፋል። ወንድምየው አራት ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ ማቀዝቀዣው ሥር እየቃመ ባትሪ ይጠብቃል። የበረዶ ውሃ በጆግ ሞልታ፣ በዚያ ሐሩር ደረጃውን ስትወጣ ስትወርድ የምትውለው ወይንሸት ናት።

ባለፈው ሳምንት ለቁጥጥር ስሄድ ደረጃው ላይ ተገናኘን። ሙቀቱ አንገቷን ሽፍታ በሽፍታ አድርጎታል። አፈርኩ። ያፈረ ሰው ደግሞ ዝም ማለት አይችልምና፣ ለእመቤቲቱ አንድ ነገር ብነግርልሽስ አልኳት። ጆጉን ደረጃው ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ በእመብርሃን ይዤዎታለሁ፣ ከእንግዲህ አይዘኑልኝ» አለችኝ። «ከዕቃ ቤቱ በታች ሌላ ክፍል የለም።»

ጆጓን አንስታ ወደ ላይ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ቃሚዎቹ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው አሳለፉኝ። ሙቀቱን ለካሁ፣ የቁጥጥሩን ቅጽ አወጣሁ። ቅጹ የሚጠይቀው ስለ ባትሪ ብቻ ነው። «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛሉ» ብዬ ፈረምኩ።