ዓይን የሚያነሣው ካሜራና ጋሽ ተካ

ሰው ሲገባ ከመቀመጫው ካልተነሣ የሚያመው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የልደታ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ ጋሽ ተካ እንደዚያ ናቸው። ስኳር አለባቸውና ዓይናቸውን ነክቶት እንዳይሆን ስለሰጋን፣ የጨርቅ ሱቄን ዘግቼ ክሊኒክ ወሰድኳቸው።

ነርሷ በእጅ የምትያዝ ካሜራ ዓይናቸው ላይ ደቀነች። መሣሪያዋ አራዳ ናት፤ ሌንሷን ራሷ እያስተካከለች የዓይንን ውስጥ አጥርታ ታነሣለች። የምትለምነው ዓይኑ እንዲረጋላት ብቻ ነው። እኔ ገበያተኛ ዓይኑን አንድ ጨርቅ ላይ እንዲያሳርፍልኝ ስለማመጥ ኖሬ የለ? ችግሯ ገባኝ።

"አባባ፣ አረንጓዴዋን መብራት ብቻ ይዩ።"

ምስሉ ሊጠራ ሲል በሩ ተከፈተና የጽዳት ሠራተኛዋ ገባች። ጋሽ ተካ "ኖር!" ብለው ብድግ! ስክሪኑ ጉም ለበሰ። ተቀመጡ፤ ሴትዮዋ ባልዲዋን ረስታ ተመለሰች። "ኖር!" አሁንም ጉም።

"አባባ፣ ዓይንዎ እኮ ነው!"

"ታዲያ ዓይኔን አመመኝ ብዬ ሰው ልናቅ?"

ሄጄ በሩን በጀርባዬ ደገፍኩት። ወዲያው ከውጭ ተንኳኳ። ጋሽ ተካ ገና ላልገባው ሰው ተነሡ!

"በቃ እንዳይቀመጡ!" አለች ነርሷ። ካሜራዋ በእጅ የምትያዝ አይደለች? ቆመው እንዳሉ ሁለቱንም ዓይን አነሣች፤ ምስሉ እንደ መስተዋት ጠራ።

በሩን ስለቀው፣ ያንኳኩት ለካ ዶክተሩ ኖረዋል። ገብተው ምስሉን አዩና፣ "ስኳሩ ዓይንዎን አልነካውም" አሉ።

"ተመስገን!" አሉ ጋሽ ተካ፣ ወንበሩን እየሳቡላቸው። "ይቀመጡ እንጂ ዶክተር። ማነው ይህን ያህል ደጅ ያስቆመዎት?"

እኔ ጣራ ጣራውን አየሁ።