ሲስተር ተሻለች ሊያገቡ ነው አሉ

ሲስተር ተሻለች ሊያገቡ ነው ተባለ። ሙሽራው የጨው ነጋዴው አቶ ዱባለ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ያለፋቸው፣ ሰባ የደፈኑ ሽማግሌ። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው። በሬውም ታዟል። ይህን ሁሉ ኮልፌ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ የነገረችኝ ቅመም ነጋዴዋ አልፊያ ናት።

ተጠራጠርኩ። የካቶሊክ መነኩሲት፣ ያውም ስድስት ኪሎ ታሪክ የሚያስተምሩ፣ ቆባቸውን አውልቀው ጨው ጆንያ መሀል ይገባሉ? ሲስተር እንኳን ባል አንዲት ዓመተ ምሕረት ሳያጣሩ አይቀበሉም!

በየሰፈሩ አንድ ወሬ ገዳይ አይጠፋም። የእኛዋ ክብርት ሲስተር ተሻለች ናቸው፤ የዘመናት ጠባቂ፣ የማስረጃ እመቤት። መሣሪያቸው ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው። "ማን አየ? መቼ? የት ቆሞ?"

ዘበኛው ነገሬ ዘነበወርቅ ጫካ ውስጥ ነብር በባዶ እጄ ገደልኩ እያለ ስምንት ዓመት የሰው ሻይ ሲጠጣ ኖሯል። አንድ ቀን ሲስተር በጀይሉ ሻይ ቤት ደጃፍ ሲያልፉ ሰሙት። "መቼ ነው ልጄ?" አሉት። ነብሩ ጅብ ሆነ። "የት ቆመህ?" ጅቡ ውሻ ሆነ። "ማን አየ?" ሲሉት ውሻው የጎረቤት ውሻ፣ ያውም የታሰረ ሆኖ ተገኘ።

ለቅሶ ቤትም አይምሩም። መቶ ሃያ ዓመት ኖሩ የተባሉ አዛውንት አርፈው ባልቴቲቱ እያለቀሱ "በኅዳር በሽታ ጊዜ ጢም እንኳ ያላወጣ ልጅ ነበር" አሉ። ሲስተር ጥግ ላይ ሆነው በጣታቸው ቆጠሩ። ሟች ሳይቀበሩ ሃምሳ ሁለት ዓመት ጎደሉ።

እኔም ተማሪያቸው ነኝ። ስለ ኮልፌ ገበያ አመሠራረት አርባ ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ አቀረብኩላቸው። ሲመለስልኝ አሥራ ስምንት ቦታ በቀይ ቀለም "ማን አየ?" ተብሎበታል። አንዱ ስሜ ላይ ነው።

አቶ ዱባለም ወደ ወሬው የገቡት በዚሁ በገበያው ጣጣ ነው። ሲስተር ቅዳሜ ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ደብተራቸውን ይዘው ይመጡና፣ የሽማግሌው ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ገበያው እንዴት እንደተጀመረ ይጠይቋቸዋል። ኮልፌ ግን ሰው የድሮ ነገር ለመጠየቅ ብቻ በየሳምንቱ ይመላለሳል ቢሉት አያምንም። በዚያ ላይ ሽማግሌው ጢማቸውን ተላጩ፤ አዲስ ኮት ገዙ። "ምነው አባባ?" ሲባሉ "ታዲያ ታሪክ ውስጥ በተቦጫጨቀ ኮት ልግባ?" አሉ። ማን ሰምቷቸው!

አልፊያ ወሬዋን ገና አልጨረሰችም። "ኧረ ዋናው መች ተነገረህ! የገዳማቸው አለቃ፣ የበላይዋ እናት ሰምተው ዛሬ አስጠርተዋቸዋል። ከማስተማሩም ከኮልፌም ነቅለው ሩቅ አገር ሊልኳቸው ነው አሉ።"

እውነቱን ልናገር? መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሌላ መምህር ይመጣል፤ አርባ ገጼ እንዳለ ያልፋል። ደስታዬ የቆየችው አውቶቡሱ መጥቶ እስኪቆም ነው። በሩ ተከፈተ፣ ሰው ተጋፍቶ ገባ፣ እኔ አልተሳፈርኩም።

"ማን ነገረሽ?" አልኳት። የሲስተር በሽታ ተጋብቶብኛል።

"ሽንኩርት ሻጯ ሰዓዳ ናታ።"

ሰዓዳ "ባለ ሥጋ ቤቱ ጉታ" አለች። ጾሙ ያከሳው ጉታ በባዶ መንጠቆዎቹ ሥር ተቀምጦ ቢላዋ ይስላል። ለካ በሬውን ያዘዘው ሰው የለም፤ ሠርግ ካለ በሬ አይቀርም ብሎ ራሱ ለራሱ ያዘዘው ነው። "ለመሆኑ ከማን ሰማህ?" ብለው "ከጀይሉ ሻይ ቤት" አለኝ።

ጀይሉ ከሚያጥበው ብርጭቆ ላይ ቀና ብሎ አፍጥጦ አየኝ።

"ትቀልዳለህ እንዴ ወንድሜ? ራስህ አይደለህ!"

"እኔ?"

"ወረቀትህ የተመለሰ ዕለት! እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጠህ 'የአቶ ዱባለ ኮት የሙሽራ ኮት ነው፤ ሙሽሪቷ ሲስተር ናቸው' አላልክም? ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አንድ ሻይ ጨመርኩልህ።"

እዚያችው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በቀን አሥራ አምስት ቀልድ የሚጥል ሰው የቱን ያስታውስ? ቀልዴ በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀን ቆርጦ፣ በሬ ነድቶ ሲመለስ አላወቅሁትም፤ ልጁን መንገድ ላይ ያልለየ አባት ሆንኩ። በእኔ አንዲት ሳቅ ሃያ ዓመት ያስተማሩ ሴት ሻንጣ ሊያነሡ ነው። እሳቸው ከሄዱ እኔን ማን ውሸታም ይለኛል? ማለቴ፣ አርባ ገጽ አንብቦ፣ ተጨንቆልኝ?

ጀይሉ ድንገት ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሲስተር በሩ ላይ ቆመዋል፤ ከበላይዋ እናት ዘንድ መመለሳቸው ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ እግራቸው ገብቶ አያውቅም። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ነገሬ እንዲያውም እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጠ።

"ሲስተር" አልኩ እንደ ጫጩት በሰለለ ድምፅ፣ "ወሬውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ። አሁኑኑ ሄጄ ለበላይዋ እናት ልመስክር።"

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ዘጠኝ ሰው ጠይቄ ትናንት ደረስኩብህ። ለእሳቸውም ስምህን ነግሬያቸው እስኪበቃቸው ስቀዋል። በል ተቀመጥ።"

 ወንበሬ ላይ ዘፍ አልኩ። ሲስተር ወደ ቤቱ ዞሩና ክፍል ውስጥ እንደሚያደርጉት ጣታቸውን አነሡ።

"የተባለው ሁሉ ሐሰት ነው። አቶ ዱባለ አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝም እምቢ እል ነበር። ኮቱን የገዙት ለራሳቸው ነው። ሠርግ የለም፤ በሬም የለም። የትም አልሄድም፤ ሰኞ በሁለት ሰዓት ክፍል አለኝ።"